ቮርቴክስ ክሮስፋየር 2 ሪምፋየር፦ ለ22 ካሊበር ጠመንጃ የሚበቃ መነጽር

22 ካሊበር ጠመንጃ ይዞ መነጽር ፍለጋ መደብር የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ብሎ ነው። እኔም እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ሩገር 10/22 የተባለውን ጠመንጃ በገዛሁ ሰሞን የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ ሻጩም በትሕትና ትልቁን ቁጥር አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ካባከንሁት ገንዘብና ጥይት የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ለዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ ቀዳሚው ጥያቄ መነጽሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ለስንት ያርድ ርቀት ተስተካክሎ ነው የሚለው መሆኑን ነው። ዛሬ የምገመግመው፣ ቮርቴክስ የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው ክሮስፋየር 2 ሪምፋየር መነጽር ከ2 እስከ 7 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 32 ሚሊሜትር የሆነና ዋጋው ከ200 ዶላር በታች የሚገኝ ሲሆን፣ ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ ይዞ የቀረበ ዕቃ ነው።

ሪምፋየር የሚባለው፣ መለኮሻው ቅመም በቀለሁ የታችኛው ጠርዝ ዙሪያ ውስጥ የተቀመጠበትና መርፌው ያንን ጠርዝ መትቶ የሚያፈነዳው የጥይት ዓይነት ነው። የዚህ ዓይነት የሆነው፣ 22 ሎንግ ራይፍል የተባለው የጠመንጃዬ ጥይት ከ1887 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ የውጅግራንና የምንሽርን ስም እየሰማን ላደግን ሰዎች መጫወቻ ቢመስልም፣ ርካሽነቱና የማይራገጥ መሆኑ ለዒላማ ልምምድ ተመራጭ አድርጎታል። አሜሪካውያን ጎረቤቶቼ ሽኮኮ ያድኑበታል፤ እኔ ግን ሽኮኮ ከማይበላበት ቤት ስለመጣሁ የምተኩሰው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ርቀቱም አብዛኛውን ጊዜ 25 እና 50 ያርድ፣ ማለትም 23 እና 46 ሜትር ያህል ነው። የመነጽሩ ምርጫ የሚወሰነውም በዚህ አጭር ርቀት ነው።

ለትልልቅ ጠመንጃዎች የሚሠሩት ብዙዎቹ ርካሽ መነጽሮች ፓራላክሳቸው ለ100 ወይም ለ150 ያርድ ተስተካክሎ የተዘጋ ነው። ፓራላክስ ማለት፣ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ ዓይን ከሌንሱ መሃል ወደ ጎን ሲዛነፍ፣ የማነጣጠሪያው መስቀል ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ሆኖ መታየቱ ነው። ይህ ሊያስከትል የሚችለውን ከፍተኛ ስህተት በእርሳስና በወረቀት ማስላት ይቻላል፤ የፊት ሌንሱን ስፋት ለሁለት ከፍሎ፣ በዒላማው ርቀትና መነጽሩ በተስተካከለበት ርቀት መካከል ባለው ልዩነት ማባዛት፣ ከዚያም መነጽሩ ለተስተካከለበት ርቀት ማካፈል ነው። ፊቱ 32 ሚሊሜትር የሆነ፣ ለ100 ያርድ የተስተካከለ መነጽር 50 ያርድ ላይ እስከ 8 ሚሊሜትር፣ 25 ያርድ ላይ ደግሞ እስከ 12 ሚሊሜትር ሊያሳስት ይችላል። በዓለም አቀፉ የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር ዒላማ ላይ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ጠቅላላ ስፋቱ 10.4 ሚሊሜትር መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ክሮስፋየር 2 ሪምፋየር ግን የተስተካከለው ለ50 ያርድ ስለሆነ፣ እዚያ ርቀት ላይ ስህተቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ 25 ያርድ ላይም ከ8 ሚሊሜትር አያልፍም። በነገራችን ላይ ይኸው ኩባንያ በዚሁ በክሮስፋየር 2 ስም ለትልልቅ ጠመንጃዎች የሚሆኑ ሌሎች መነጽሮችንም ስለሚሸጥ፣ ሣጥኑ ላይ «ሪምፋየር» የሚለውን ቃል ሳያነቡ መክፈል አይገባም።

ማቅረቡን በተመለከተ፣ 7 እጥፍ ያንሳል የሚል ቅሬታ ይሰማል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። 50 ያርድ ላይ በ7 እጥፍ የጥይቱ ቀዳዳ በነጭ ወረቀት ላይ በግልጽ ይታያል። የፊት ሌንሱን ስፋት በማቅረቡ መጠን ስናካፍል ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል፤ በዚህ ስሌት የዚህ መነጽር ክብ በ7 እጥፍ 4.6 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ 40 ሚሊሜትር ፊት ያለውና 9 እጥፍ የሚያቀርበው ትልቁ መነጽር የሚሰጠው ግን 4.4 ነው። ስለዚህ ትልቁ ሌንስ በከፍተኛው ቁጥር ሲታይ ብልጫ የለውም፤ ክብደቱና ቁመቱ ግን ይጨምራል። ይህኛው 400 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ዓይንንም ከኋላ ሌንሱ 10 ሴንቲሜትር ያህል አርቆ ማየት ያስችላል።

መነጽሩን ጠመንጃው ላይ አቅፈው የሚይዙት ቀለበቶች ለብቻ ስለሚሸጡ ዋጋው ሲሰላ መዘንጋት የለባቸውም። የቱቦው ውፍረት 1 ኢንች በመሆኑ ርካሽ ቀለበት አይጠፋም፤ ሩገር 10/22 ደግሞ የመነጽር መቀመጫውን ከጠመንጃው ጋር በሣጥኑ ውስጥ ስለሚሰጥ ለእሱ ተጨማሪ ወጪ የለም። ፊቱ ትንሽ መሆኑ ዝቅተኛ ቀለበት ለመጠቀም ያስችላል፤ ይህም የሚጠቅመው የጠመንጃው ሰደፍ ለብረቱ ማነጣጠሪያ ከፍታ የተሠራ ስለሆነና መነጽሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጉንጭ ሰደፉን ለቆ አየር ላይ ስለሚቀር ነው። ጉንጭ ካላረፈ ዓይን መሃል አይገባም፣ ዓይን መሃል ካልገባ ደግሞ ፓራላክሱ ተመልሶ ይመጣል። ብሎኖቹን እንደ መኪና ጎማ ማጥበቅም ቱቦውን ይጎዳል።

ጠመንጃውን ዜሮ ለማድረግ፣ ማለትም ጥይቱ መስቀሉ በሚያመለክተው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ለማስተካከል የሄድሁት 25 ያርድ ላይ ሰፊ ወረቀት ሰቅዬ ነው፤ የ10/22 ጀርባ ዝግ ስለሆነ በበርሜሉ ውስጥ ከኋላ አሻግሮ አይቶ ማስተካከል አይቻልምና። መስቀሉን የሚያንቀሳቅሰው ማዞሪያ እያንዳንዱ ጠቅታ የሩብ ደቂቃ ማዕዘን ነው (አንድ ደቂቃ የዲግሪ ስድሳኛ ነው)፤ ይህም 100 ያርድ ላይ 7 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን 25 ያርድ ላይ የዚያ ሩብ ብቻ ስለሆነ፣ ምቱን አንድ ኢንች ለማንቀሳቀስ ወደ 16 ጠቅታ ያስፈልጋል። ጀማሪ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሮ «አልሠራም» የሚለው ይህን ባለማወቅ ነው። ዜሮ ካደረግሁ በኋላ መስቀሉን 32 ጠቅታ ወደ ቀኝ፣ 32 ወደ ታች፣ 32 ወደ ግራ፣ 32 ወደ ላይ እያዞርሁ በየማዕዘኑ አምስት አምስት ጥይት ተኮስሁ፤ የመጨረሻዎቹ አምስቱ ከመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች ጋር ተቀላቀሉ። ስሙን የማልጠቅሰው፣ ከዚህ በፊት በኢንተርኔት የገዛሁት በጣም ርካሽ መነጽር በዚሁ ፈተና ሁለት ጣት ያህል ርቆ ነበር የተመለሰው፤ በሳምንቱ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ቦታ ይመታ ጀመር። እርግጥ መነጽርን ከመክሰስ በፊት ጥይቱን አለመቀየር ያስፈልጋል፤ 22 ጠመንጃ የጥይት ዓይነት ሲለወጥበት የሚመታበትን ቦታም ይለውጣል። እኔ በሁለቱም ፈተናዎች የተጠቀምሁት አንድ ዓይነት፣ ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄድ ጥይት ነው።

የመነጽሩ ገደብ የሚታየው 100 ያርድ ላይ ነው። 50 ላይ ዜሮ የተደረገ እንዲህ ያለ ጥይት እዚያ ሲደርስ ወደ 18 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ መስቀሉ ግን ከዳር ወፍሮ መሃል የሚቀጥን ተራ መስቀል እንጂ ለመውረዱ ምልክት የለውም። ስለዚህ ወይ ወደ ላይ ገምቶ ማነጣጠር፣ ወይ የማዞሪያውን ክዳን ከፍቶ 27 ያህል ጠቅታ ማዞር ግድ ይላል። ፓራላክሱን በእጅ ማስተካከያ ቁልፍም የለውም። አዘውትሮ ከ10 እስከ 100 ያርድ የሚቀያይር ተኳሽ ማስተካከያ ያለው ሌላ መነጽር ቢፈልግ ይሻለዋል።

ከአማራጮቹ መካከል ሊውፖልድ የተባለው ሌላ ኩባንያ የሚሸጣቸው ሪምፋየር መነጽሮች ለ60 ያርድ የተስተካከሉ ሲሆኑ ዋጋቸው ከዚህኛው ከፍ ይላል። ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ዋስትናው ነው፤ ቮርቴክስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዊስኮንሲን ውስጥ ሆኖ፣ መነጽሩ ቢበላሽ ደረሰኝ ሳይጠይቅና የመጀመሪያው ገዢ ማን እንደሆነ ሳያጣራ ይጠግናል ወይም ይቀይራል። በዚህ ምክንያት ያገለገለውን ከሰው መግዛትም አያሰጋም።

አገር ቤት ያለ ዘመድ «አንዱን ላክልኝ» ማለቱ አይቀርም፤ እኔንም ጠይቀውኛል። የጠመንጃ መነጽር ግን በአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሥር ያለ ዕቃ ስለሆነ፣ እንደ ጫማና ሽቶ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ የሚኬድበት አይደለም፤ አጎቴንም ይህንኑ ነግሬ ለላሞቹ መጠበቂያ ተራ ባለሁለት ዓይን መነጽር እንዲሆንለት ተስማምተናል።