በድሬዳዋ ከዚራ ያገኘሁት የማህፀን ሕክምና

ከወትሮው የተለየ የማህፀን ፈሳሽ ሁለት ሳምንት ሲያስቸግረኝ በራሴ ግምት ከፋርማሲ የፈንገስ መድኃኒት ገዝቼ ብጠቀምም ለውጥ ስላላየሁ፣ ከዚራ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ላይ የመጣሁበትን ጉዳይ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ፊት ጮክ ብለው መጠየቃቸው አሳፍሮኛል፤ ይህ ሊታረም ይገባል።

ሐኪሟ ግን የሚያስመሰግኑ ናቸው። ናሙናውን በአሲድነት መለኪያ ወረቀት ላይ ሲያስነኩት ቀለሙ መለወጡን አሳዩኝና፣ ጤናማው መጠን በአብዛኛው ከ3.8 እስከ 4.5 እንደሆነ፣ የእኔ ከዚያ ማለፉና ዓሣ ዓሣ የሚለው ሽታ የተፈጥሮ ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባቱን እንደሚጠቁም አስረዱኝ። ፈንገስ ቢሆን ኖሮ እንደ አይብ የረጋ ነጭ ፈሳሽና ብርቱ ማሳከክ ይኖር ነበር፤ አረፋማ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ትሪኮሞናስ የተባለው በግንኙነት የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ ስለሚጠረጠር ባልም አብሮ ይታከማል። ሜትሮኒዳዞል የተባለ የባክቴሪያ መድኃኒት ለሰባት ቀን አዘዙልኝ። በድሬ ሙቀት የተነሳ ውስጥን በሳሙና መታጠብ ልማዴ መሆኑን ስነግራቸውም (እኔ ንጽሕና መስሎኝ ነበር) ችግሩን እንደሚያባብስ ነግረው አስተዉኝ።

ትኩሳት፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ከግንኙነት በኋላ ደም መታየት ወይም እርግዝና ካለ ሳይዘገዩ መምጣት እንደሚያስፈልግም አጥብቀው አሳስበውኛል። ላቦራቶሪው ከረፋዱ ጀምሮ ስለሚጨናነቅ በማለዳ መሄድ ይሻላል።