ሀዋሳ ላይ «ቪዛ እናስጨርሳለን» ለሚሉ ፋይል የሰጣችሁ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ቢሮ ተከራይተው፣ በሩ ላይ የካናዳና የአሜሪካ ባንዲራ ለጥፈው፣ ቴሌግራም ላይ ቪዛ የተመታበት ፓስፖርት ፎቶ የሚለቁትን ታውቋቸዋላችሁ። ከእነሱ አንዱ እናቴን በካናዳ መንግሥት ፊት ውሸታም አስብሎ ለ5 ዓመት አሳግዷታል።

እህቴ ካልጋሪ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። እማዬ ሄዳ ልታርሳት ነበር። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ቤቷ በስሟ ነው፣ የጡረታ ማስረጃዋ አለ፣ እህቴም የግብዣ ደብዳቤና የደመወዝ ማስረጃዋን ልካለች። ሁሉንም ይዘን ሄድን። «አሪፍ ፋይል ነው፣ ይሄማ ያልቃል» አሉን። ከፈልን፣ እማዬ አዲስ አበባ ሄዳ አሻራ ሰጠች፣ ከዚያ የተለመደው ነው፦ በደወልን ቁጥር «ፕሮሰስ ላይ ነው»።

ዛሬ ጠዋት ጠሩን። ጸሐፊዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሪጀክት ሆኗል፤ እንደገና ለማስገባት ግማሽ ክፍያ ነው» አለች። ደብዳቤውን አሳዪን አልኳት። «ለቢሮ የመጣ ነው» አለች። ሳላይ አልወጣም ስላት ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ ወጣና ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረው።

የማውቀው ዓይነት ክልከላ አልነበረም። «በቂ ገንዘብ የለሽም» ወይም «ተመልሰሽ መምጣትሽን አላመንበትም» አይልም። ሐሰተኛ ማስረጃ አቅርበሻል ነው የሚለው። ያስገባችሁትን አሳየኝ አልኩት። እማዬ ሒሳብ ከፍታ በማታውቅበት ባንክ፣ በእሷ ስም፣ 2,800,000 ብር የሚል ስቴትመንት። ከሥሩ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ባለቤት ናት የሚል ወረቀት፣ ማህተሙ ሳይቀር። እኛ የሰጠነው የጡረታ ማስረጃ አልገባም።

ይህ ብቻ ቢሆን! ኢሜይሉን ወደ ታች ሲያወርደው ሌላ ደብዳቤ አየሁ። ከውሳኔው በፊት የተላከ ነው። «የባንክ ማስረጃሽን ተጠራጥረነዋል፣ እስከዚህ ቀን ድረስ መልስ ስጪ» ይላል። ካናዳዎቹ ሰውን እንዲህ ባለ ጥፋት ከመቅጣታቸው በፊት የመልስ ዕድል ይሰጣሉ። ዕድሉ ለእማዬ መጥቶላት ነበር። እነዚህ ሰዎች ከፍተው አንብበውታል፤ እኛ «ፕሮሰስ ላይ ነው» እየተባልን ቀኑ አለፈ።

«ለምን አልነገራችሁንም?» አልኩት።

«ብንነግራችሁ ምን ልታደርጉ?»

እማዬ በቀስታ «ልጄ፣ እኔ ይሄን ሁሉ ብር ከየት አመጣሁት?» አለችው። እሱ ምን አላት? «ማዘር፣ በጡረታ ብር ካናዳ የሚያስገባሽ መስሎሽ ነው? ላንቺው ብለን እኮ ነው የሠራነው።» ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተምር የኖረችን ሴት፣ በልጇ ፊት፣ አንቺ እያለ! ጸሐፊዋ ከት ብላ ሳቀች። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ተራ ክልከላ ቢሆን ማስረጃ አሟልቶ እንደገና ማመልከት ይቻል ነበር። ይህኛው ግን በካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 40 መሠረት የ5 ዓመት እገዳ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ እህቴ በቤተሰብ ላምጣት ብትል እንኳ እማዬ ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከት አትችልም። ዛሬ በእህቴ ሆድ ያለው ልጅ እስከዚያ ትምህርት ቤት ይገባል። ፎርሙ ላይ ደግሞ የእነሱ ስም የትም የለም፤ እማዬ ራሷ ሞልታ እንዳስገባችው ተደርጎ ነው የተላከው፣ ተጠያቂዋም እሷ ሆናለች። በካናዳ ሕግ ግን በክፍያ ሰውን የሚወክል ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው አማካሪ መሆን አለበት፣ ስሙም ፎርሙ ላይ ይሞላል።

ገንዘባችንን ስንጠይቅ «የአገልግሎት ክፍያ አይመለስም» አሉን። የመንግሥቱ ክፍያ ለማመልከቻው 100፣ ለአሻራው 85 የካናዳ ዶላር ነው፤ የቀረው በሙሉ የእነሱ ነው።

የቪዛ ማመልከቻ አካውንታችሁን በእነሱ ኢሜይል አታስከፍቱ፣ በራሳችሁ ኢሜይል ይሁን። ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን ገጽ እዩ፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ፋይላችሁ አሁን እነሱ ጋ ያለ ደግሞ «ፕሮሰስ ላይ ነው» ሲሏችሁ አትመለሱ፣ ኢሜይሉን ክፈቱልን በሉ፤ መልስ የሚጠብቅ ደብዳቤ ሊኖር ይችላል። «ፎቶ ክልክል ነው» እያለ ሲጮህ ሁለቱንም ደብዳቤ በስልኬ አንስቻለሁ። ነገ ጠዋት ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፤ እዚያው ፎቅ ላይ የተበላ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና አብረን እንክሰስ።