ከኮምቦልቻ ባቲ መንገድ ላይ ጎማ ለሚተነፍስባችሁ ሞተረኞች፦ ካላማዳሪውን (የጎማውን የውስጥ ላስቲክ) ከእጃችሁ አታውጡ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። በተለይ ሰኞ ለገበያ ወደ ባቲ የምትወርዱ አንብቡት። የእሾህ አገር ነው፣ ጎማ መተንፈሱ አይቀርም፤ አሮጌ ጎማ መንገድ ዳር የሰቀለ ጎሚስታም አይጠፋም። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፦ "አብሽር ወንድሜ፣ አሁን ትሄዳለህ።"

የሞተሬ የኋላ ጎማ ወለቀ፣ ካላማዳሪው ተነፍቶ ተነከረ። አረፋ የወጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እሾህ በወጋው፣ መንገዱን በሚነካው የጎማው ወገን በኩል። በጠመኔ ተከበበ። እስከዚህ ሥራው ትክክል ነበር። ከዚያ "ሌላ እንዳይኖር ልየው" ብሎ ደግሞ ነከረው። ውሃው ዘይትና ጭቃ የጠገበ ጥቁር ነው፣ ታቹ አይታይም። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ገባ፣ ቆየ፣ ካላማዳሪው እየተወዘወዘ። ብቅ ሲል ሦስት ቦታ ይፈላል! "ይሄማ አልቆለታል፣ አዲስ ነው የሚያዋጣህ።"

አዲሶቹ ቀዳዳዎች በቸርኬው (ጎማው በሚገጠምበት ብረት) በኩል ናቸው። ረጅም እሾህ አልፎ ጀርባውን ቢበሳ እንኳ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ትይዩ ይሆን ነበር፤ እነዚህ ግን ስንዝር ያህል ርቀዋል። ራጂ (የቸርኬው ሽቦ) ወግቶት ነው እንዳይባል ከሽቦው የሚከልለው የቸርኬው ላስቲክ ደህና ነው። ደግሞስ በመጀመሪያው ንክር የት ነበሩ? ውሃው ሥር ራሱ ነው የበሳቸው።

ይህ ሲነገረው ቀና ብሎ እንኳ አላየም። "አንተ መንዳት እንጂ ጎማ ታውቃለህ?" ረዳቱ ሳቀ። "ካልፈለግክ እየገፋህ ሂድ።" ፀሐዩን፣ የቀረውን መንገድና ከኋላ የተጫነውን ዕቃ አይቶ ነው እንዲህ የሚናገረው። ከብሩ በላይ ደም የሚያፈላው ይህ ንቀት ነው።

"አዲሱ" መጠቅለያ የለውም፣ ነጭ ዱቄት ተነስንሶበታል፣ ዋጋው ሱቅ ከሚሸጥበት እጥፍ። ብዙ ሳይሄድ ተነፈሰ። ሲፈታ ከዱቄቱ ሥር አሮጌ ልጣፍ ወጣ፤ የልኩ ቁጥር (ስፋቱና የቸርኬው ልክ በኢንች) 2.25/2.50-17፣ ጎማው ደግሞ 3.00-17! ጠባብ ካላማዳሪ በሰፊ ጎማ ውስጥ ከልኩ በላይ ተለጥጦ ይሳሳል፤ ጭነትና ሙቀት ሲጨመርበት ልጣፉ ከጠርዙ ይለቃል። ሰው አፈናጦ ቁልቁለት ላይ ቢለቅስ?

ሁለተኛ ንክር ካለ ራሳችሁ ንከሩ። የሚገዛ ከሆነ ቁጥሩን ሳይገባ አንብቡ፤ ለ3.00-17 የሚሆነው 2.75/3.00-17 የሚል ነው። የሚሻለው ትርፍ ካላማዳሪ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ ብረት፣ ፖምፓ፣ ልጣፍ፣ ማስቲሽና ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መውጣት ነው። ማስቲሹ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠብቁ፣ እርጥብ ላይ የተለጠፈ አይይዝም። ከመግጠማችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳስሱ፤ እሾሁ እዚያው ከቀረ አዲሱንም ይወጋዋል።