ገመናዬን ሳታይ ላጠፋችልኝ ባለሙያ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለአንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ምስጋና ለማቅረብና፣ አሮጌ ኮምፒውተራችሁን ለሰው ለመስጠት ወይም ለመሸጥ ያሰባችሁ ሁሉ ዕቃው ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት እሷ ዘንድ እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ «ባለሙያዋ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አድራሻዋን ለሚፈልግ ሰው ግን እሷን አስፈቅጄ በግል እሰጣለሁ። ምስጋናዬ ለምን ይህን ያህል እንደበዛ እንዲገባችሁ ከመራራው ነገር መጀመር ይኖርብኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቀድሞ ላፕቶፔን ለአንድ ወዳጄ ልጅ ለመስጠት ወሰንኩ። በውስጡ የነበረውን ሁሉ ሰረዝኩ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረግኩ፤ ይህ ብቻውን እንደማይበቃ ሰምቼ ስለነበር ደግሞ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስጄ «ምንም ነገር እንዳይቀር አድርጋችሁ አጥፉልኝ» አልኩ። ሠራተኛው ላፕቶፑን ይዞ ወደ ውስጥ ገባና ገና ወንበሬ ላይ ሳልደላደል ተመልሶ «ፎርማት ተደርጓል፤ አይስጉ ጋሼ» አለኝ። ከፍዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ልጁ ደወለልኝ፤ ገና ሰላም ሲለኝ ማፈሩ ከድምፁ ያስታውቅ ነበር። በስህተት የሰረዘውን የትምህርት ቤት ሥራ ለማግኘት ከኢንተርኔት ባወረደው የፋይል ማስመለሻ ፕሮግራም ሲፈልግ፣ የእኔ ፋይሎች ተግተልትለው ወጡ፦ የቤተሰብ ፎቶግራፎች፣ ከባንክ የተጻፉልኝ ደብዳቤዎች፣ የመታወቂያዬ ቅጂ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእናቴ የሕክምና ውጤቶች። እናቴ ሕመሟን ከእኔና ከእህቴ በቀር ለማንም ሳትናገር ያረፈች ሰው ናት። ልጁ ጨዋ ስለሆነ ሳያገላብጥ ዘግቶ ነገረኝ፤ ጨዋ ባይሆን ኖሮስ እያልኩ ያሳለፍኳቸውን ሌሊቶች ግን የማውቃቸው እኔ ነኝ። ወደ ጥገና ቤቱ ተመልሼ ብጠይቅ «ፎርማት አድርጉ አሉን፣ አደረግን» ተባልኩ። እኔ ያልኩት ያንን አልነበረም።

ይህ ቁስል ሳይሽር ነው የዚህኛው ኮምፒውተሬ ነገር የመጣው። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለኝ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ሲያቆም፣ ወደ ቀጣዩ ዊንዶውስ ለመሸጋገር አቅም ካነሳቸው ማሽኖች አንዱ ሆነ። በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚሠራበትን ሊኑክስ የተባለ ሥርዓት ጭኖ ሊማርበት የሚፈልግ አንድ ተማሪ ስለተገኘ ለእሱ ልሰጠው ቃል ገባሁ። ቃል መግባቱ ቀላል ነበር፤ የሚያጸዳልኝ ሰው ማግኘቱ ግን ሳምንታት ወሰደብኝ። አንዱ ጋ ስሄድ «እንዳለ ይስጡት፣ ማን ያየዋል?» አለኝ። ሌላው «ዲስኩን እኛ ዘንድ ይተዉት፣ እናስወግደዋለን» ሲለኝ የትና እንዴት እንደሚያስወግዱት ጠየቅሁ፤ መልሱ «እሱን ለእኛ ይተዉ» ሆነ። ሦስተኛው ደግሞ ዲስኩ ላይ 35 ጊዜ ተደጋግሞ ካልተጻፈበት መረጃው አይጠፋም ብሎ በየዙሩ የሚታሰብ ክፍያ ጠየቀኝ። ያልተማርኩት ነገር ስለሆነ ልከፍለው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ የሚገርመው፣ ያዳነኝ ዕውቀቴ ሳይሆን ያን ቀን በቂ ገንዘብ አለመያዜ ነው።

ባለሙያዋን የጠቆመችኝ እህቴ ናት። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጠው ወዲያውኑ አልነካችውም። መጀመሪያ ማን እንደሚወስደው፣ የሚቀር ነገር እንዳለ፣ ከኢሜይልና ከሌሎች አካውንቶቼም ወጥቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀጥላም ክዳኑን ከፍታ ወደ ውስጥ ካየች በኋላ «ሁለት ዲስክ እንዳለው ያውቃሉ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ለካ ከዓመታት በፊት ማሽኑ እንዲፈጥንልኝ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን የመረጃ ማከማቻ ያስገባልኝ ሰው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ እዚያው ትቶት ኖሯል። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን አጽድቶ ሁለተኛውን እንደነበረ በሰጠኝ ነበር።

ከዚያ ያደረገችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና «የሚፈልጉት ነገር ካለ እርስዎ ይፈልጉ፤ እኔ አላይም» ብላ ወንበሯን ወደ ግድግዳው መልሳ ሌላ ሥራዋን ቀጠለች። አሮጌው ዲስክ ውስጥ ስም የሌላቸው ፎልደሮች ነበሩ። አንዱን ስከፍት የድምፅ ፋይል አገኘሁ፣ ስጫነውም ክፍሉን የእናቴ ድምፅ ሞላው። «ይኼ ነገር አሁን ይቀዳል እንዴ? ዝጋው እንጂ!» እያለች ትቆጣኛለች፤ እኔ ከኋላ እስቃለሁ። አራት ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው፣ መቼ እንደቀዳሁትም አላስታውስም። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ባለሙያዋ ፊቷን አላዞረችም፣ ማን ናት ብላም አልጠየቀችም። ድምፁ አልቆ ትንሽ ከቆየ በኋላ ብቻ፣ እንዳቀረቀረች፣ «ሁለት ቦታ ይቅዱት» አለችኝ። አንዱን በኪሴ በነበረው ፍላሽ፣ ሌላውን በስልኬ ቀዳሁት። ከዚህ የበለጠ ደግነትም ከዚህ የበለጠ ሙያም አላውቅም።

የማጥፋቱን ሥራ በተመለከተ የገባኝን ያህል ብቻ ልናገር። የመጀመሪያው ጥገና ቤት የሠራውን ነገር በመዝገብ ቤት መሰለችልኝ፦ የፋይሉ ስም ከመዝገቡ ላይ ተሰረዘ እንጂ ፋይሉ ከመደርደሪያው አልተነሳም፤ ቦታው ለሌላ ፋይል እስኪሰጥ ድረስ የፈለገ ሰው ሄዶ ያነሳዋል። ስለ 35ቱ ዙር ስነግራት ፈገግ አለች። ቁጥሩ የመጣው ፒተር ጉትማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ስለዚያን ጊዜ ዲስኮች ከጻፈው ጥናት እንደሆነና፣ ለኋለኞቹ ዲስኮች ያን ያህል መደጋገም ትርጉም እንደሌለው ራሱ ጸሐፊው እንዳስታወቀ አስረዳችኝ። ኤስኤስዲ ደግሞ መረጃውን በውስጡ ከቦታ ቦታ እያዘዋወረ ስለሚያስቀምጥ፣ ከውጭ ደጋግሞ መጻፍ ሁሉንም ጥግ አይደርስም አለች፤ ስለዚህ ዲስኩ ራሱን እንዲያጠፋ ከአምራቹ የተሰጠውን ትእዛዝ ተጠቀመች። ይህን እንዴት እንዳደረገችው አልገባኝም፤ በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ።

አሮጌው ሃርድ ዲስክ ግን ከዳር እስከ ዳር ሊጻፍበት ስለሚገባ ሰዓታት የሚወስድ ነበር። «ነገ ይምጡ» ብትለኝም ያለፈው ነገር ተጠራጣሪ ስላደረገኝ አልሄድም ብዬ ተቀመጥኩ፤ እሷም አልከፋትም። ከሰዓት በኋላ ሥራው መሐል ላይ ቆመ። የዲስኩ አንዳንድ ክፍሎች ተበላሽተው የማይነበቡም የማይጻፍባቸውም ሆነው ኖረዋል። እዚህ ላይ «አልቋል» ብትለኝ አምኜ እሄድ ነበር፣ የማውቅበት መንገድ የለኝምና። እሷ ግን «ይህን ዲስክ ጠፍቷል ብዬ መፈረም አልችልም» አለችኝ። ነቅላ አወጣችው፣ ፈታችው፣ እንደ መስታወት የሚያበሩትን ሳህኖች አንድ በአንድ አውጥታ ዓይኔ እያየ በብረት መቁረጫ ቆራረጠቻቸው። ለዚህኛው ዲስክ «አላጸዳሁትም» ብላ ክፍያ አልተቀበለችም። ጠቅላላ የከፈልኩትም ለ35 ዙር ከተጠየቅሁት በእጅጉ ያነሰ ነው።

ኤስኤስዲውንም በቃሏ ብቻ አላስረከበችኝም። ያ ልጅ ከተጠቀመበት ዓይነት የፋይል ማስመለሻ ፕሮግራም ከፍታ እዚያው ፊቴ ፈተሸችው፤ ምንም አልወጣም። በመጨረሻም የዲስኩ ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ የጠፋበት ዘዴና ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ፈርማ ሰጠችኝ። ይህን አሠራር የወሰደችው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2006 ለመጀመሪያ ጊዜ ካወጣው 800-88 ከሚባለው መመሪያ እንደሆነ ነገረችኝ፤ መመሪያው የማጥፋትን ሥራ በሦስት ደረጃ ከፍሎ የመጨረሻውን ደረጃ ዕቃውን ማውደም ያደርገዋል። ወረቀቱን ከእናቴ ፎቶግራፍ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ለምን እዚያ እንዳስቀመጥኩት ባላውቅም።

የመጀመሪያውን ላፕቶፕ ታሪክ ስነግራት አልታዘበችኝም። ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሆኑ ሁለት ተመራማሪዎች 158 ያገለገሉ ዲስኮችን ገዝተው በመፈተሽ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሚሠሩት 129 ዲስኮች መካከል በአግባቡ የጸዱት 12 ብቻ እንደነበሩ ነገረችኝ። ብቻዬን እንዳልተሞኘሁ ለማጽናናት ነበር። መጽናናት ቢሆንም ያስፈራል፤ ምክንያቱም ለዓመታት ስንሸጥና ስንሰጥ የኖርነው ዕቃ ውስጥ ምን ያህል ገመና አብሮ እንደሄደ ያሳስባል።

ስለዚህ ደግሜ እለምናችኋለሁ፦ «ፎርማት ተደርጓል» በሚል ቃል ብቻ ኮምፒውተራችሁን ለማንም አትስጡ። ወደዚህች ባለሙያ ሂዱ። እሷ ዘንድ መድረስ የማትችሉ ደግሞ የትኛውም ባለሙያ ጋ ስትሄዱ ስንት ዲስክ እንዳለ፣ በምን ዘዴ እንደሚያጠፋው፣ ጠፍቶ እንደሆነም ፊታችሁ ፈትሾ ያሳያችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ ጥያቄው የሚያስቆጣው ከሆነ ዕቃችሁን አንሥታችሁ ውጡ። ለባለሙያዋም፣ ይህን ካነበብሽው፣ ውለታሽን ከፍዬ የምጨርሰው አይደለም፤ የእናቴን ድምፅ እህቴም ሰምታዋለች፣ እሷም እንዳመሰግንልሽ አደራ ብላኛለች።

ተማሪው ኮምፒውተሩን ከወሰደ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ሊኑክሱን ጭኖ እየሠራበት እንደሆነ ጽፎልኛል። ወደ እሷ የምትሄዱ ሰዎች፣ የምታስቀሩት ፋይል ብዙ ከሆነ ሰፊ ቦታ ያለው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና የአካውንቶቻችሁን የይለፍ ቃል ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አንዲት ትንሽ ፍላሽ ብቻ ይዤ ስለሄድኩ ማጥፋቱ ከመጀመሩ በፊት ፎቶግራፎቼን የምቀዳበት ዲስክ ላመጣ ወደ ቤት መመለስ ነበረብኝ።