ጎንደር የናፍጣ ፖምፓ (ለሞተሩ ናፍጣ የሚገፋውን) የምታሠሩ ባለትራክተሮች፣ ተጠንቀቁ!

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። 38,000 ብር ተበላሁ። የፖምፓ ጥገና ቤቱን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በር ላይ የአሮጌ ፖምፓ ክምር፣ ውስጥ አንድ መፈተሻ ማሽን፣ ከወንበሩ የማይነሳ ባለቤት። ገና ዕቃህን ሳታወርድ "ፖምፓው ነው" ይሉሃል።

ትራክተሬ ማሲ ፈርጉሰን 240 ነው። ደምቢያ ላይ በኪራይ ያርሳል። ሕመሙ እንዲህ ነበር። ጠዋት ያለችግር ይነሳል። አንድ ሰዓት ያህል ሲያርስ ይቆይና ጉልበት ያጣል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። አሳርፈህ ስታስነሳው ምንም እንዳልነካው ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ያው። የደምቢያን ዋልካ መሬት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ዝናቡ ከጠና ትራክተር ይውጣል። ገበሬው ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ፖምፓውን አስፈትቼ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ ከቆላድባ ወደ ጎንደር ወጣሁ።

ባለቤቱ በእጁ እንኳ አልነካውም። በእግሩ ገፋ አድርጎ "ኤለመንቱ አልቋል፣ ነገ ና" አለኝ፤ ናፍጣውን የሚገፋውን የውስጥ ፒስተን ማለቱ ነው። ስንት ሰዓት ሠርቶ እንደሚጠፋ፣ ጭሱ ጥቁር ይሁን ነጭ፣ ናፍጣውን ከማደያ ልቅዳ ወይስ በጀሪካን ልግዛ፣ ምንም አልጠየቀኝም።

በማግስቱ ፖምፓው ታጥቦ፣ አብረቅርቆ ጠረጴዛ ላይ ጠበቀኝ። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ። ደረሰኝ ስል "በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንት ቫት ትጨምራለህ" ተባልኩ። ይቅር፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ስጡኝ አልኩ።

"ምን ያደርግልሃል? ለቆራሌው ልትሸጠው ነው?"

ልጆቹ ሳቁ። ስጡኝ ብዬ ቆምኩ። አንዱ እያጉረመረመ ከጠረጴዛው ሥር ጣሳ ጎተተ፣ እጁን ከተተና ዘይት የጠጡ ትንንሽ ፒስተኖች አውጥቶ ቁራጭ ካርቶን ላይ ዘረገፈልኝ። ቆጠርኳቸው። አራት ናቸው።

የማሲ 240 ሞተር ባለሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው። ሲሊንደሩስ ይቅር። የኔ ፖምፓ ሮታሪ የሚባለው ክቡ ነው። ለየሲሊንደሩ የየራሱ ፒስተን ያለው ሌላው፣ ረጅሙ ፖምፓ ነው። ሮታሪው ውስጥ የሚሽከረከር አንድ ሮተር ብቻ አለ፤ ለሦስቱም በየተራ የሚያድለው እሱ ነው። ከዚያ ጣሳ የወጣው ዕቃ ከኔ ፖምፓ የሚወጣበት መንገድ የለም።

"ወንድሜ፣ የኔ እኮ ባለሦስት ነው" አልኩት።

ባለቤቱ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል "አንዱ ምርቃት ነው" አለኝ።

ሻይ የያዘው ልጅ በሳቅ ትን አለው። ሌላው ደግሞ "ትራክተር ሲገዙ መካኒክም ይሆናሉ" አለ፣ እኔን ሳይሆን ጓደኛውን እያየ። ስጮህ ፖምፓዬን አንስተው ደጃፍ ላይ አስቀመጡልኝ። ብሩ መሳቢያ ገብቷል፣ ደረሰኝ የለ፣ ማንን ትከሳለህ? ገንዘቡ ይቅር፣ ያቺ "ምርቃት" ግን እስካሁን እንቅልፍ ነስታኛለች።

ቆላድባ ላይ አንድ አዛውንት መካኒክ ፖምፓውን አገላብጠው አዩት። "ልጄ፣ ይሄ መች ተከፈተ?" አሉኝ። የፖምፓውን ራስ የሚያስሩት ቡሎኖች ላይ የድሮው ቀለም እንዳለ ነው፤ የቁልፍ ጭረት የለም። በናፍጣ አጥበውታል፣ በቃ። ገጠሙት፣ አየሩን አወጡ፣ ሥራ ጀመረ። በለመደባት ሰዓት ደግሞ ጠፋ። ሾፌሩ ሊያስነሳ ሲል "ቆይ" አሉና የሰርባቶዮውን (የናፍጣ ታንከሩን) ክዳን ፈቱ። ፉስስ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ክዳኑ ላይ ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ በጭቃና በቅባት ተደፍናለች። ናፍጣው ሲጎድል አየር አይተካም፤ ታንከሩ ራሱን ይመጥና ናፍጣ መስጠት ያቆማል። ሲያርፍ አየሩ ቀስ እያለ ስለሚገባ ደግሞ ይነሳል። በቀጭን ሽቦ ወጓት። ሒሳብ ስጠይቃቸው "ሽቦዋን መልስልኝ" አሉ።

እንግዲህ እናንተ ፖምፓ ከማስፈታታችሁ በፊት ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከፊልትሮው (ከናፍጣ ማጣሪያው) ሥር ውሃውን አፍስሱ። ከሰርባቶዮ የሚመጣውን የጎማ ቱቦም እዩ፤ ናፍጣ ባይንጠባጠብም አየር ሊስብ ይችላል። ግድ ፖምፓ ቤት ከገባችሁ ቡሎኑ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ሲፈቱም አጠገባቸው ቁሙ።

አራቱ ፒስተኖች እኔ ጋ አሉ። እዚያ ቤት ባለአራት ሲሊንደር ፖምፓ ያሠራ ሰው ካለ የሱ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ መጥቶ ይውሰድ።