የቪላኒዎቹ የፍሎረንስ ዜና መዋዕል፣ ከ5 ኮከብ 4

ታሪክ የምትወዱ ይሄ መጽሐፍ እንዳያመልጣችሁ! ጆቫኒ ቪላኒ የጣሊያኗ ከተማ የፍሎረንስ ነጋዴ ነው፣ በ1300 (በፈረንጅ) ለኢዮቤልዩ (የካቶሊኮች ቅዱስ ዓመት) ሮም ሄዶ የሮምን ታላቅነት ሲያይ የኔም ከተማ ታሪኳ ይጻፍ ብሎ ተነሳ፣ በ1348 ጥቁር ሞት በተባለው የቸነፈር ወረርሽኝ ሲሞት ወንድሙ ማቴዎ ቀጠለ፣ እሱንም በ1363 ያው በሽታ ወሰደው፣ ከዛ የማቴዎ ልጅ ፊሊፖ እስከ 1364 አድርሶ ጨረሰው። አንድ ቤተሰብ እንዲህ ሲቀባበል በጣም ነው ልቤን የነካው። ጆቫኒ ስለ ወረርሽኙ ሲጽፍ እኮ ያበቃበትን ጊዜ በኋላ ሊሞላው ክፍት ትቶት ነው የሞተው።

እኔ በጣም የወደድኩት በ1338 አካባቢ ስለነበረችው ከተማ የጻፈውን ነው፣ ማንበብ የሚማሩ ልጆች ከ8,000 እስከ 10,000፣ በ6 ትምህርት ቤት ሂሳብ የሚማሩ ከ1,000 እስከ 1,200፣ የሱፍ ጨርቅ የሚያመርቱ ሱቆች 200 እና ከዛ በላይ እያለ እንደ ሱቅ ደብተር አንድ በአንድ ይመዘግበዋል፣ በዛ ዘመን እንዲህ የሚቆጥር ሰው ከየት ይገኛል!

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ከባቢሎን ግንብ ስለሚጀምርና መጀመሪያው ላይ አፈ ታሪኩ ስለሚበዛ ነው። ከከበዳችሁ ዝለሉትና ከ1333ቱ የአርኖ ወንዝ ጎርፍ ጀምሩ፣ ድልድዮቹን ጠራርጎ ሲወስድ የጻፈበት ክፍል ከእጃችሁ አይወርድም።