ዋይን፦ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ሲያስኬድ የት ድረስ ይታመናል?

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ክፍል የሌለውን ማሽን በይፋ አይቀበልም። ደህና የሚሠራ ኮምፒውተር ከመጣል ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና መጫን ይሻላል፤ ጭንቁ የሚመጣው የምንሠራበት ፕሮግራም ለዊንዶውስ ብቻ የተጻፈ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ እየተሠራ ያለውና በነፃ የሚገኘው ዋይን ለዚህ ነው የተሠራው።

ዋይን ውስጥ ዊንዶውስ የለም። ፕሮግራሙ ፋይል እንዲከፈትለት ወይም መስኮት እንዲሳልለት ዊንዶውስን ሲጠይቅ፣ ዋይን ጥያቄውን ተቀብሎ ለሊኑክስ በሚገባው መንገድ ያስፈጽማል። ስለዚህ በፍጥነት አይታማም። በተለይ የድሮ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ጥሩ አድርጎ ያስኬዳል፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ጨርሶ የማይነካቸውን ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች እንኳ የሚያስነሳበት ጊዜ አለ።

ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ስትጭኑት የ32 ቢት ድጋፉን ለብቻው ማብራት አትርሱ፤ ከተረሳ የድሮው ፕሮግራም ላይነሳ ይችላል። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን የዋይን ፎልደር፣ ማለትም ዋይን ፕሮግራሙን የሚያስቀምጥበትን ቦታ፣ ስጡት። ፕሮግራሞች የሚያስፈልጓቸውን ተጨማሪ ክፍሎች የሚጭነው ዋይንትሪክስ ለአንዱ ብሎ የጨመረው ላይብረሪ ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ፎልደሩ የተለየ ከሆነ ግን የተበላሸውን ብቻ አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ዋይን «ዜድ» በሚለው ድራይቭ የሊኑክሱን ዲስክ በሙሉ ለፕሮግራሙ ያሳየዋል። የዊንዶውስ ቫይረስ በዋይን ከተነሳ የግል ሰነዶቻችሁን ማግኘት ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሙሉ መከላከያ ባይሆንም፣ ያንን ድራይቭ በዋይን ማስተካከያ ውስጥ ሰርዙት።

አማርኛ ላይ ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛው ፎንት ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈ ሰነድ የራሱ ፎንት ከሌለ «ሰላም» የሚለው ቃል የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይመጣል። ፎንቱን ዋይን ፎልደር ውስጥ ባለው የዊንዶውስ ፎንት ማስቀመጫ ገልብጡና ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። ባዶ ሳጥን ብቻ ከታየ ግን የጎደለው የዩኒኮድ ፎንት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ሊኑክሱ ላይ ጫኑ። ሁለተኛው መጻፊያው ነው፦ እንደ ፓወር ግዕዝ ያለ የዊንዶውስ መጻፊያ በዋይን ቢነሳ እንኳ ለሊኑክስ ፕሮግራሞች አይጽፍም። የሊኑክሱን አይባስ ወይም ኪማን ተጠቀሙ።

የማይሆነው የቱ ነው? በዩኤስቢ የፈቃድ ቁልፍ የሚከፈት ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ቁልፉ የዊንዶውስ ድራይቨር (ሃርድዌርን ከስርዓተ ክወናው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ይፈልጋል፣ ዋይን ደግሞ የሃርድዌር ድራይቨር ማስኬጃ አይደለም። የሒሳብ ሥራ ፕሮግራሙን ፒችትሪንም በዋይን አልመክርም። ከበስተጀርባ የሚሠራ ፐርቬሲቭ የተባለ ዳታቤዝ ላይ የቆመ ነው፤ የድርጅት ሒሳብ ደግሞ መሞከሪያ አይደለም። 8 ጊጋባይት ራም ካላችሁ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ በቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር በሚፈጥር ፕሮግራም) ጭናችሁ 4ቱን ስጡት፤ ፒችትሪው እዚያ ይኑር።

የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ በእጃችሁ ካለ ግን ዋይንን መሸጋገሪያ እንጂ ማረፊያ አታድርጉት። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ኦኤስ/2 2.0 የተባለ ስርዓተ ክወና የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ጥሩ አድርጎ ያስኬድ ስለነበር፣ ብዙ አምራቾች ለእሱ ብለው ለብቻ መጻፍ አላስፈለጋቸውም፤ ያም ጎድቶታል። እርግጥ ኮድ ወደ ሊኑክስ ማዛወር አድካሚ ነው። ዊንዶውስ «Report» የሚለው የፋይል ስም በትልቅ የላቲን ፊደልም በትንሽም ቢጻፍ አንድ ፋይል ነው ይላል፤ ሊኑክስ ሁለት ያደርገዋል። ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈ ኮድ ውስጥ «ሎንግ» የሚባለው ቁጥር በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 4 ባይት፣ በባለ 64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት ነው። ቁጥሩን እንዳለ ፋይል ውስጥ የሚጽፍ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ተገንብቶ የድሮውን ፋይል ሲያነብ፣ ከመጀመሪያው ሎንግ ጀምሮ ያለው ሁሉ በየሎንጉ 4 ባይት እየጨመረ ይዛነፋል። ማዛወሩን ከዚህ ጀምሩ፦ ሎንግን በቋሚ መጠን ባለው ዓይነት ተኩ፣ ከዚያ የድሮ ፋይል ከፍታችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ።